ከላይ ወንዝ፣ ከታች ሐይቅ

ቱርሚ ላይ ስለ ውኃ ከተወራ የሚወራው ስለ እጦቱ ነው። የካስኬ ወንዛችን የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው፤ ሰዉ አሸዋውን ቆፍሮ ይቀዳል፣ ከብቱንም ያጠጣል። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. «ዳሰነች በውኃ ተዋጠ» የሚል ወሬ ሲመጣ እኔ ገና ፊደል የምቆጥር ልጅ ነበርኩ። ትልልቆቹ ሲያወሩ ሰምቼ አንድ ነገር አልገባ አለኝ፤ እዚህ ጠብ ሳይል እዚያ ጎርፍ እንዴት ይመጣል? ኦሞራቴ እኮ ከእኛ ሰባ ኪሎ ሜትር ቢርቅ ነው።

የዚያን ዓመት ክረምት ብዙ ሰው የሚያስታውሰው በድሬዳዋ ነው። ሐምሌ 30 ሌሊት የደጫቱ ወንዝ ከተማዋን መታት፣ ከ250 በላይ ሰው ሞተ። አገር ገና እያለቀሰ ሳለ በሳምንቱ ነሐሴ 7 ቀን የኦሞ ወንዝ ከአፉ ወጣ። መንግሥት በወቅቱ የገለጸው የሟቾች ቁጥር 364 ነው። ከድሬዳዋው ይበልጣል። በሺዎች የሚቆጠሩት ደግሞ በውኃ በተከበቡ ከፍታዎችና ደሴቶች ላይ ቀርተው ጀልባና ሄሊኮፕተር ይጠብቁ ነበር። ዳሰነች ግን ካሜራ የሚደርስበት አገር አልነበረም፣ ስለዚህም ሐዘኑ ቶሎ ተረሳ።

የልጅነት ጥያቄዬ መልሱ ቀላል ሆኖ ተገኘ። ኦሞ 760 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ የሚሞላው በግቤ፣ በጎጀብና በሌሎችም የደጋ ገባሮች ነው። ጅማ የዘነበው ዝናብ ዳሰነች የሚደርሰው ከቀናት በኋላ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የድሬዳዋ ጎርፍ በሰዓታት ውስጥ የሚደርስ ነው፣ የኦሞው ግን የቀናት ጊዜ ይሰጣል። ከላይ ወንዙን የሚለካ፣ ከታች ደግሞ ደሴት ድረስ ሄዶ በዳሰነችኛ «ውጡ» የሚል ሰው፣ የሚያወጣም ጀልባ ካለ፣ ከብቱ ባይተርፍ ሰው ይተርፋል። ባንግላዴሽ ውስጥ በኅዳር 1963 የመታው አውሎ ነፋስ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ገድሏል፤ በኅዳር 2000 የመታው ሲድር የተባለው ደግሞ ወደ 3,400 ያህል። ነፋሱ አዝኖ አይደለም። በመካከሉ ማስጠንቀቂያ፣ መጠለያና በየመንደሩ የሚዞር በጎ ፈቃደኛ ስለተዘጋጀ ነው። ያች አገር ሀብታም ነበረች የሚል ካለ ይንገረኝ!

«ለምን ደሴት ላይ ይኖራሉ? አይወጡም እንዴ?» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔም ተማሪ እያለሁ ብያለሁ። መልሱን ለማግኘት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ጣሊያናዊው ቦቴጎ በ1888 ዓ.ም. የኦሞን መድረሻ ሲያይ ቱርካና ሐይቅ ከፍ ያለ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባለው ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ሐይቁ 20 ሜትር ያህል ወረደ። ውኃው ሲሸሽ ኦሞ ከደጋ ያመጣውን አፈር እያነጠፈ ሄደ፤ ዛሬ ዴልታ የምንለው ሜዳና ደሴቶቹ ከዚያ ወዲህ እየሰፉ መጡ። ማለትም ሐይቅ ያበደረው መሬት ነው።

ግን ምን ያለ መሬት! ጎርፉ በየዓመቱ መጥቶ ሲሸሽ ዳሰነች ጭቃው ላይ ማሽላና በቆሎ ይዘራል፤ ዝናብ ሳይጠብቅ ያጭዳል። ሣሩ ደግሞ በበጋ ለከብት ይሆናል። ከብት ያለቀበት ድሃ፣ ዲየስ የሚሉት፣ ዓሣ አጥምዶ የሚኖረውም ውኃው ጥግ ነው። ጎርፍ ለእነሱ አደጋ ብቻ አልነበረም፤ እርሻቸው ነበር። በጣም ሲበዛ ይገድላል፣ ጭራሽ ሲቀር ደግሞ ያስርባል። የአደጋ መከላከል ፖሊሲያችን ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ ዕርዳታና ልማት ይያያዙ ይላል፤ የ2005ቱም ከዕርዳታ በፊት ስጋትን መቀነስ ይቅደም ይላል። ወረቀቱ ጥሩ ነው። ፈተናው ግን ኦሞ ላይ መጣ።

የግልገል ግቤ ሦስት ግድብ ውል የተፈረመው በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ነው፤ ጎርፉ ከመምጣቱ ሳምንታት በፊት። ሳይታሰብ የ364ቱ ሰዎች ሞት ለግድቡ መከራከሪያ ሆነ፤ ከእንግዲህ ጎርፍ አይኖርም ተባለ። ለእርሻው ሲባል ደግሞ በዓመት ለአሥር ቀን ሰው ሠራሽ ጎርፍ ይለቀቃል ተባለ። በጥር 2003 ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጂንካ ላይ በአርብቶ አደሮች ቀን ስለ 150,000 ሄክታር የሸንኮራ ልማት ሲናገሩም ይኸው ጎርፍ ተነሥቷል። ግድቡ በ2007 ዓ.ም. ውኃ መያዝ ጀመረ፣ በታኅሣሥ 2009 ተመረቀ። 243 ሜትር ቁመት፣ 1,870 ሜጋ ዋት። መብራቱን አልጠላም፤ ይህን የምጽፈው በመብራት ነው። ነገር ግን የዓመቱ ጎርፍ ቀረ፣ ጭቃውም ቀረ፣ የተባለው የአሥር ቀን ጎርፍም የድሮውን እርሻ አልመለሰም። በፓምፕ የሚጠጣ ማሳ ለአንዳንዱ ደረሰ፤ ፓምፑ ሲበላሽና ነዳጅ ሲጠፋ ግን ማሽላው ያው ይደርቃል።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ «አንዱን አደጋ ዘግተን ሌላ ከፈትን» ብዬ እጨርስ ነበር። አላበቃም። ሐይቁ ብድሩን ሊያስመልስ መጣ። ከ2012 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ከኬንያዎቹ ባሪንጎና ናይቫሻ ጀምሮ በከባድ ዝናብ ሞሉ። ቱርካናም ተነሣ፤ መውጫ የሌለው ሐይቅ ነውና የገባበት ውኃ የሚቀንሰው በትነት ብቻ ነው። በዳሰነች ደሴቶቹ፣ ግጦሹ፣ ትምህርት ቤትና ጤና ኬላ ሳይቀር በውኃ ተያዙ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቀሉ፣ ውኃው ኦሞራቴ ከተማ ጥግ ድረስ ቀረበ። ሁላችንም ወደ ላይ፣ ወደ ግድቡ እያየን ስንከራከር ውኃው ከታች መጣ። የሐይቁን መውጣትና መውረድ ግን ተመራማሪዎች ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ መዝግበውታል፤ ቀበሌ ሲመሠረት፣ ትምህርት ቤት የሚሠራበት ቦታ ሲመረጥ ያንን መዝገብ ገልጦ ማየት ምን ያህል ያስወጣ ነበር?

አሁን ተፈናቃዩ ደረቅ መሬት ላይ ነው። ደረቅ መሬት ሲባል ባዶ መሬት አይደለም። በዚህ በኩል የሐመር ግጦሽ፣ በዚያ በኩል የኛንጋቶም፣ ወደ ታች የኬንያ ቱርካናዎች፤ ሁሉም በከብትና በውኃ ሲጋጩ የኖሩ ናቸው። ደሴቱ የሰመጠበት ሰው ከብቱን የሚነዳው ወደ ጎረቤቱ ሣር ነው። ለዚያ ነው ከቱርሚ የምጽፈው። ሰኞ ገበያ ላይ እህል የሚገዛው ሐመርና ከታች የሚመጣው ዳሰነች አንድ ሜዳ ላይ ይቆማሉ፤ የእኛ የካስኬ አሸዋ ደግሞ ለራሳችን ከብትም አልበቃ።