ከጌጡ በታች የነበረው ጽሑፍ፦ የአንድ አሮጌ ፔዳል ስቲል ጊታር ጥገናና የታሪክ ማስረጃ



የታሪክ መምህር ስለ ወላለቀ የጊታር ጌጥ ምን ሊናገር ተነሣ ብላችሁ ሳትገረሙ አልቀራችሁም። የመጣሁት አንድ ጥፋቴን ልናገር ነው። በሙያዬ ከሠላሳ ዓመት በላይ ስለ ማስረጃ አያያዝ አስተምሬአለሁ፤ ሆኖም በገዛ እጄ አንድ ማስረጃ ደምስሻለሁ። የደመሰስሁትም ልጠግነው በቅን ልቡና ስደክም ነው። በንግግሬ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ፔዳል ስቲል ጊታር እንደምናውቀው ጊታር ታቅፈው የሚመቱት አይደለም። እንደ ጠረጴዛ በእግሮቹ ይቆማል፤ ተጫዋቹ ከኋላው ይቀመጣል። ቀኝ እጅ ክሮቹን ይመታል፤ ግራ እጅ ድቡልቡል የብረት ዘንግ በክሮቹ ላይ ያንሸራትታል፤ እግር ፔዳሎቹን፣ ጉልበት ደግሞ በጎን ያሉትን ማንሻዎች ይገፋል። ዛሬ በተለመደው አሠራር በአንዱ አንገት ላይ የሚወጠሩት ክሮች 10 ናቸው፤ የበገናችንን አውታሮች ያህል መሆኑ ነው። ዝምድናቸው ግን ከቁጥሩ አያልፍም።

የመሣሪያው ሐረግ ከሃዋይ ይመዘዛል። ክርን በጣት ከመጫን ይልቅ ብረት እያንሸራተቱ የመጫወት ብልሃት በ1880ዎቹ የኦዋሁ ደሴት ተወላጅ በሆነው በጆሴፍ ኬኩኩ እንደ ተጀመረ በሰፊው ይነገራል። የሃዋይ ንግሥና በ1893 ተገልብጦ ደሴቶቹ በ1898 ወደ አሜሪካ ተጠቃለሉ፤ ሙዚቃቸው ግን በተቃራኒው አቅጣጫ ተጓዘ። ኬኩኩ በ1904 ወደ ዋናው አሜሪካ ተሻገረ። በ1915 በሳን ፍራንሲስኮ የተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽንም የሃዋይን ሙዚቃ በመላ አገሪቱ አስወደደው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ጆርጅ ቦሻምፕና ሪከንባከር በኤሌክትሪክ የሚሠራውን የጭን ስቲል ጊታር ለገበያ አቀረቡ። በ1948 የብረት ሥራ አዋቂው ፖል ቢግስቢ በካሊፎርኒያ ለስፒዲ ዌስት ፔዳል ያለው መሣሪያ ሠራለት። በ1954 ደግሞ በዌብ ፒርስ ዘፈን ውስጥ ባድ አይዛክስ ክሮቹ ገና እየጮኹ ፔዳሉን ሲረግጥ የተሰማው የሚለጠጥ ድምፅ የካንትሪን ሙዚቃ ጆሮ ለወጠ። ሾት ጃክሰንና ባዲ ኤመንስ በ1957 ናሽቪል ውስጥ የመሠረቱት፣ ከሁለቱ ስሞች ተቀናብሮ ሾ-ባድ የተባለው ሥራ ይህንኑ ፍላጎት ተከትሎ የመጣ ነው።

ጌጡ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የፔዳል ስቲል ተጫዋች አቀርቅሮ የሚሠራ ሰው ነው፤ ተመልካቹ ከፊቱ ይልቅ የመሣሪያውን የፊት ገበታ ያያል። ስለዚህ ገበታው ማስታወቂያም መታወቂያም ሆነ። የባለቤቱ ስም በትልልቅ ፊደላት ይቀረጽበታል፤ ጠርዙ ሉል በሚመስል ፕላስቲክ ይከፈፋል፤ በሾ-ባድ መሣሪያዎች ሰሌዳ ላይ ደግሞ የካርታ ጨዋታ ምልክቶች ተደርድረው ይታያሉ። ማን ለማን እንደ ሠራው፣ በየትኛው ዘመን፣ በምን ዐይነት አቅም እንደ ሠራው ብዙ ጊዜ የሚነግረን ጌጡ ነው። ቀድሞ የሚወድቀውም እርሱ ነው።

ስለምን ይወድቃል? እንጨት በእርጥበት ያብጣል፣ በድርቅ ይኮማተራል፤ ብረትና ፕላስቲክ በዚያው መጠን አይከተሉትም። የቆየ ማጣበቂያ ይደርቅና ይሰነጠቃል። በዘመኑ እንደ ሉል፣ እንደ ዝሆን ጥርስ ሆኖ ያገለግል የነበረው ሴሉሎይድ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። የሚሠራው ከናይትሮሴሉሎስና ከካምፎር ነው፤ ካምፎሩ በዓመታት ውስጥ ሲተን ይሸበሸባል፣ ይጠባል፣ ከተጣበቀበት ይላቀቃል። እያረጀ ሲሄድ የሚያወጣው አሲዳማ ጋዝ በአቅራቢያው ያለውን ብረት ያዝገዋል። በቀላሉ በእሳት ይያያዛል፤ አሴቶን ሲነካው ይሟሟል።

አንድ ክፍል ግን ጌጥ ይመስላል እንጂ ጌጥ ብቻ አይደለም። በተራው ጊታር ላይ ፍሬት ማለት ጣት ክሩን የሚጫንበት ብረት ነው። በስቲል ጊታር ላይ ግን ክሩ ሰሌዳውን ከቶ አይነካም፤ በሰሌዳው ላይ ያሉት መስመሮች የፍሬት ሥዕል ናቸው፤ ሥራቸውም ዘንጉ የት እንደሚቆም ለዐይን ማመልከት ነው። የክሩ ርዝመት 24 ኢንች፣ ማለትም 61 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ፣ 12ኛው መስመር በትክክል እኩሌታው ላይ ያርፋል። ከ12ኛው እስከ 13ኛው ያለው ርቀት 17 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ የወለቀውን ሰሌዳ ስትመልሱ በ2 ሚሊ ሜትር ብታዛንፉት፣ መስመሩን ያመነ ተጫዋች ከአንድ ሰሚቶን አንድ ስምንተኛ ያህል ይስታል። ወደ ላይኛው ጫፍ፣ 24ኛው መስመር አጠገብ፣ ስሕተቱ ከአንድ አምስተኛ ይበልጣል። ይህን ማንኛውም የሰለጠነ ጆሮ ይሰማዋል።

ወደ ጥፋቴ ልመለስ። ከ10 ዓመት በፊት ለምርምር ናሽቪል ከርሜ ነበር። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ከተማ ናትና እንጀራ አላጣሁም። ቤት ያከራዩኝ አዛውንት በወጣትነታቸው በዳንስ ቤቶች ስቲል ጊታር ይጫወቱ ነበር። መሣሪያቸው በ1960ዎቹ ከአንድ ትንሽ ወርክሾፕ የተገዛ ነው። የፍሬት ሰሌዳው፣ ስስ እንጨት ነበር፣ ከአንድ ጫፉ ተነሥቷል፤ ከፊት ገበታው የረገፉት የስማቸው ፊደላት በፖስታ ውስጥ ተቀምጠዋል። የአናጢ ልጅ ነኝና «እኔ እጠግንልዎታለሁ» አልሁ። እርሳቸውም ደስ አላቸው፤ የልጅ ልጃቸው ሊሠርግ ስለ ነበር በዚያ ቀን ሊጫወቱበት ፈልገዋል።

አባቴ ያስተማረኝ ንጹሕ እንጨት ብቻ ኮላ እንደሚይዝ ነው። ሰሌዳውን አላቀቅሁ፤ ከሥሩ ያለውን የደረቀ ማጣበቂያ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ጀመርሁ። እኩሌታውን ከጨረስሁ በኋላ ቀና ብዬ ስመለከት፣ ባልነካሁት በኩል በእርሳስ የተጻፈ ነገር አየሁ፦ የአንድ ቃል መጨረሻና ሁለት አኃዞች። የቀረው አቧራ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ተበትኗል። የሠሪው ስም ይሁን፣ የተሠራበት ቀን ይሁን፣ የእንጨቱ ልክ ይሁን አይታወቅም። ወርክሾፑ ከተዘጋ ቆይቷል፤ መዝገብም አልተወም። ምናልባት ያ መስመር ብቸኛው መዝገብ ነበር።

አዛውንቱን ጠርቼ የሆነውን ነገርኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ ካዩት በኋላ፣ «ይህን ሁሉ ዘመን ከእጄ ሥር ነበር፤ እኔም አላነበብሁት» አሉ። ሊያጽናኑኝ ነበር። እኔ ግን አልተጽናናሁም፤ እርሳቸው ባያነቡት ጽሑፉ ይቆያል፤ እኔ ግን ሳላነብ ፋቅሁት።

ከዚያ በኋላ ሥራውን እንደ ማኅደር ሥራ ያዝሁት። የተረፈውን ጽሑፍ በጎን ብርሃን ፎቶግራፍ አነሣሁ። ፊደላቱን አንድ በአንድ ቁጥር ሰጥቼ በየራሳቸው ወረቀት ጠቀለልሁ። በአንደኛው ፊደል ጀርባ፣ በማይታይ ጥግ፣ በጥጥ ጫፍ ጥቂት አሴቶን ነካ ሳደርግበት ተለጠጠ፤ ሴሉሎይድ መሆኑን አወቅሁ። ስለዚህ አሴቶን ያለበትን ማጣበቂያ ሁሉ ተውሁ፤ ሙቀትም አላስጠጋሁም። የቀረውን ቅሪት በተሾለ የእንጨት ስንጥር ብቻ አነሣሁ። ኢፖክሲም አልተጠቀምሁም፤ ኢፖክሲ ከያዘ በኋላ ጌጡን ሳይሰብሩ ማላቀቅ አይቻልምና። የመረጥሁት ሳይሞቅ የሚሠራውን የዓሣ ሙጫ ነው፤ ነገ ሌላ ሰው በጥቂት እርጥበት ሊያላቅቀው ይችላል። የእርሳሱን ጽሑፍ ሙጫ እንዳይነካው ያንን ቦታ ባዶ ተውሁት።

ለሰሌዳው ቦታ ጆሮ ዳኛ ሆነ። አዛውንቱ ክሩን በትክክል እኩሌታው ላይ በጣት ነካ አድርገው ሲመቱት እንደ ቃጭል የጠራ ድምፅ ይሰጣል። ከዚያ ዘንጉን አስቀምጠው ያንኑ ድምፅ ሲያገኙ፣ 12ኛውን መስመር ከዘንጉ መካከል ሥር አመጣሁት። በሦስት ክሮች ሞከርን። በቀላል ሞርሴቶ፣ ጨርቅ አልብሼ፣ ሳላጠብቅ ያዝሁት፤ እስከ ማግሥቱም አልነካሁትም። በመጨረሻ ያደረግሁትን ሁሉ፣ የፋቅሁትን ጨምሮ፣ በወረቀት ጽፌ ከመሣሪያው ሣጥን ውስጥ አኖርሁ። በሠርጉ ዕለት ተጫወቱበት።

ውድ ተማሪዎች፤ ይህ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በገና ላይ በክሩና በመቀመጫው መካከል የምትገባው ትንሽ ቁራጭ ቆዳ፣ እንዝራ፣ ለማያውቅ ሰው ትርፍ ናት፤ ለሚያውቅ ግን የነዘረው ድምፅ ምንጭ እርሷ ናት። በየቤተ መዘክሩና በየዕቃ ቤቱ ጌጣቸው የተላቀቀ፣ ቆዳቸው የተነሣ ብዙ መሣሪያዎች አሉ። የሚጠግናቸው ሰው ከሥራቸው ያለውን ገልጦ ለማየት የመጀመሪያው ነው፤ ካልተጠነቀቀም የመጨረሻው ይሆናል። ሰነድን በወረቀት ብቻ እንድንፈልግ የለመደው ዐይናችን ይህን አይቆጥርም። እኔም አልቆጠርሁም ነበር።

በሚቀጥለው መንፈቀ ዓመት ከእኔ ጋር ወደ ዕቃ ቤት የምትገቡ ተማሪዎች ከምንም በፊት እርሳስ፣ ወረቀትና ካሜራ ይዛችሁ ትመጣላችሁ። ሙጫው የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። ከተጻፈው ቃል የቀረችኝን የመጨረሻ ፊደልና የሁለቱን አኃዞች ፎቶግራፍ በቢሮዬ ግድግዳ ላይ ታገኙታላችሁ። ማንበብ የሚችል ቢኖር በሬ ክፍት ነው።