ሳይቆጥሩ መፍታት

ገንዳ ውሃ ባቡር የላትም፤ ኖሯትም አያውቅም። ከድንበሩ ማዶ ያለችው ገዳሪፍ ግን ባቡር ካየች መቶ ዓመት ሊሞላት ነው። ከመካከላችን አንዱ ታዲያ ባቡር ያየው እዚያው ገንዳ ውሃ፣ አጎቱ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ነው። አጎቱ ከካርቱም ያመጡት የጀርመን መጫወቻ ባቡር!

ሰሞኑን ባቡሩ ቆመ። ባቡሩ ራሱ ደህና ነው፤ የተበላሸው ትራንስፎርመሩ ነው። ይህች ከባድ ሳጥን የግድግዳውን 220 ቮልት ወደ 16 ገደማ አውርዳ ለሐዲዱ የምትሰጥ ናት። ዲናሞ የሚጠቀልል ባለሙያ ዘንድ ተወሰደች። ሰውየው ሶኬት ላይ ለመሰካት አልቸኮለም። መጀመሪያ ገመዱን አየ፤ ጎማው ተሰነጣጥቋል። ቀጥሎ በቴስተር ለካ፤ የውስጡ ሽቦ ተቃጥሏል። «መጠቅለሉ ቀላል ነው፤ ዋናው ነገር አሮጌውን ስትፈታ ዙሩን መቁጠር ነው» አለ። እውነቱን ነው፤ ቮልቱን የሚወስነው የዙሩ ብዛት ነው። ሳይቆጥር የፈታ ሰው ሽቦ እንጂ ትራንስፎርመር የለውም።

እኛ ይህን ስንሰማ ድሬዳዋ ትዝ አለችን።

ነገሩ እንዲህ ነው። አፄ ምኒልክ የባቡሩን ፈቃድ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር፣ የመስመሩ ርዝመት ደግሞ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ድሬዳዋ ራሷ የዚህ ባቡር ልጅ ናት፤ ዋናው የጥገና ጋራዥም የተተከለው እዚያው ነው።

የባቡሩ ታሪክ ሲወራ ንጉሡ ይነሳሉ፣ ፈረንሳዮቹ ይነሳሉ፣ ለገሃር ትነሳለች። የጋራዡ ሠራተኞች ግን አይነሱም። ባቡሩ መጀመሪያ በእንፋሎት፣ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ደግሞ በናፍጣ ሄደ። የስዊዝና የፈረንሳይ ሎኮሞቲቮቹ እያረጁ መለዋወጫ ሲጠፋ፣ ብረት አቅልጠውና በቶርኖ ሞርደው መለዋወጫውን የሠሩት እነዚህ ሰዎች ናቸው። ከሞተው ባቡር ፈትተው ለሕያው ገጠሙ። ባቡሩ ያን ያህል ዕድሜ የኖረው በፋብሪካው ዋስትና ሳይሆን በእነሱ እጅ ነው።

የአዲስ አበባ–ድሬዳዋ ጉዞ በ2000ዎቹ መጨረሻ ቆመ። በ2016 አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ። በሽቦው የሚሄደው 25 ሺህ ቮልት ነው፤ እያንዳንዱ ሎኮሞቲቭም ያንን የሚያወርድ የራሱን ትራንስፎርመር ተሸክሞ ይጓዛል። የአጎታችን ሳጥን ታላቅ ወንድም በሉት። በ2024 ደግሞ ሥራውን ኢትዮጵያና ጅቡቲ ከቻይና ኩባንያዎች ተረከቡ። እሰየው ብለናል።

ጥያቄያችን ግን ይኸውላችሁ፦ አሮጌውን ስንፈታ ዙሩን ቆጥረናል ወይ? የድሮው ባቡር ይመለስ እያልን አይደለም፤ አዝጋሚ ነበር፣ ይታወቃል። ነገር ግን አዲሱም ያረጃል። የእሱም ሽቦ አንድ ቀን ይቃጠላል፣ መለዋወጫውም አንድ ቀን ከገበያ ይጠፋል። ያኔ ምን እንደሚደረግ የሚያውቁት የድሬዳዋ አዛውንቶች ናቸው። እውቀታቸው ያለው እጃቸው ላይ ነው፤ እነሱ ሲያልፉ አብሮ ያልፋል።

እናም አባቱ ወይም አያቱ ምድር ባቡር የሠሩ አንባቢ ካለ፣ ዛሬውኑ ደብተር ይዞ አጠገባቸው ይቀመጥ። ትልቁን ታሪክ ትቶ፣ የትኛው ብሎን በየት በኩል እንደሚፈታ ይጠይቅ።

በነገራችን ላይ፣ የገንዳ ውሃው ሰውዬ ቆጥሮ ነበር። ባቡሩ ዛሬም ምንጣፉ ላይ ይዞራል።