ስለ ለምጽና ስለ ቁምጥና

በኦሪት ዘሌዋውያን በ13ኛው ምዕራፍ የተጻፈው ሥርዓት ለካህኑ የሐኪምን ሥራ የሚመስል ሥራ ሰጥቶታል። በቆዳው ላይ እባጭ ወይም ቋቍቻ የወጣበት ሰው ወደ ካህኑ ይቀርባል፤ ካህኑም የጠጕሩን መንጣትና የደዌውን ጥልቀት መርምሮ፥ ነገሩ ያጠራጠረው እንደ ሆነ ሰባት ቀን ዘግቶ አቆይቶ ይፈርዳል። ነገር ግን አስተውሎ ለሚያነብ ሰው አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ፤ ደዌው ከራሱ እስከ እግሩ ሸፍኖት ሁለንተናው የነጣው ሰው ንጹሕ ይባላል። ይኸው ደዌ በልብስና በቤት ግድግዳም ይወጣል። ቁምጥና ግን የሰውን ሁለንተና አያነጣም፥ ግድግዳንም አይዝም። ስለዚህ በዕብራይስጥ «ጻራዓት» የተባለው ብዙ ዓይነት የቆዳ ሕመም፥ ምናልባትም የግድግዳ ሻጋታ ጭምር፥ በአንድ ስም የተጠራበት ነው።

ኦሪትን በእስክንድርያ ወደ ጽርዕ የመለሱት ሊቃውንት ይህን ቃል «ሌፕራ» አሉት፤ ይህም በግሪክ ሐኪሞች ዘንድ ቅርፊት የሚያወጣ የቆዳ ሕመም ነበረ። ቁምጥናን ግን እነዚያው ሐኪሞች ከዝሆን ቆዳ ጋራ አመሳስለው «ኤሌፋንቲያሲስ» ይሉት ነበር። ዓረቦችም ጁዛምንና በረስን፥ ይኸውም ቁምጥናንና ንጣትን፥ በስም ለይተው ነበር። በመካከለኛው ዘመን መጻሕፍታቸው ወደ ላቲን ሲመለሱ ግን ጁዛም «ሌፕራ» ተባለ፤ በኦሪት የተጻፈውም ርኩሰት ሁሉ በቁምጥና ሕመምተኛ ላይ ወደቀ። ከጽርዕ የተመለሰው የግዕዝ ኦሪት «ለምጽ» ይላል፤ በአማርኛ ደግሞ ለምጽ ማለት ቆዳን በየቦታው የሚያነጣው ነው። እንዲህም ሆኖ ቆዳው የነጣ ሰው የሌላ ደዌ ፍርሃት ተሸከመ።

ሁለቱ ግን አይዛመዱም። ለምጽ የሰውነት የራሱ መከላከያ የቆዳን ቀለም የሚሠሩትን ሕዋሳት ሲያጠፋ የሚመጣ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው ከቶ አይተላለፍም። ቁምጥና ግን ነርቭ የሚባሉትን የስሜት ጅማቶች ይጎዳል፤ ሕመምተኛው እሳቱና እሾሁ ስለማይሰማው ይቃጠላል፥ ይቈስላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ጣቱን የሚያሳጥረው ይህ ያልተሰማው ቍስል ነው።

የቁምጥናን ምክንያት ያገኘው በኖርዌይ አገር በበርገን ከተማ የነበረው ሐኪም አርማወር ሐንሰን ነው። አማቱ ዳንኤልሰን፥ በዘመኑ የታወቀ ሊቅ፥ ደዌው በዘር ይወረሳል ይል ነበር፤ ሐንሰን ግን እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1873 ከሕመምተኞች በወሰደው ሥጋ ውስጥ በትር የሚመስል ረቂቅ ተሕዋስ አየ። ነገሩን ለማስረዳት ቸኩሎ ሳታውቅና ሳትፈቅድ በአንዲት ሕመምተኛ ዓይን ላይ ደዌውን ለመከተብ በመሞከሩ በ1880 በፍርድ ቤት ተረትቶ የሆስፒታል ሹመቱን አጣ፤ ፍርዱም የሚገባ ነበር። በ1970 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የምርምር ተቋም በስሙ ይጠራል።

በ1981 የዓለም ጤና ድርጅት መድኃኒቶችን አጣምሮ መስጠትን ካዘዘ ወዲህ፥ ቁምጥና በ6 ወይም በ12 ወር የሚድን ሆኗል። ሐኪሙ አንዱን ከሌላው ሲለይ ሕመምተኛውን ዓይኑን አስጨፍኖ የነጣውን ቦታ በጥጥ ጫፍ ይነካል፤ የተነካበትንም በጣቱ እንዲያመለክት ይጠይቀዋል። ለምጽ ያለበት ሰው ቦታውን ሳይስት ያሳያል።