የራሱ መሣሪያ ያለው ሙዚቀኛ፤ ስለ ኃይሉ መርጊያና ጓደኞቹ

ስለ ዘመናዊ ሙዚቃችን የሚነገረው ታሪክ በብዛት የድምፃውያኑ ታሪክ ነው። ከድምፃዊው ኋላ ተቀምጦ ኦርጋን ወይም አኮርዲዮን የሚጫወተው ሰው ስሙ እምብዛም አይነሣም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከእነዚህ ሰዎች አንዱ የሆኑትን የአቶ ኃይሉ መርጊያን ሥራ መርምሮ፣ አንድ ሙዚቀኛ «ራሱን ችሎ ይሠራል» ሲባል ትርጉሙ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ነው። ዓመቶቹ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄው እንዲገባን አስቀድመን የዘመኑን አሠራር እንመልከት። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ታላላቆቹ የሙዚቃ ጓዶች የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊትና የቴአትር ቤቶች ነበሩ። ሙዚቀኛው ደመወዝተኛ ነበር፤ መሣሪያውም የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነበር። ኋላም የምሽት ክበቦች ሲበዙ ባለቤትነቱ ከመንግሥት ወደ ክበቡ ጌታ ተዛወረ እንጂ ለሙዚቀኛው አልደረሰም። መሣሪያ የሌለው ሙዚቀኛ ደግሞ ምን እንደሚጫወትና የት እንደሚጫወት ራሱ ሊወስን አይችልም።

አቶ ኃይሉ በ1946 በሸዋ ተወልደው በልጅነታቸው ወደ አዲስ አበባ መጡ። አኮርዲዮን ያለ አስተማሪ የተማሩ ሲሆን፣ ገና ልጅ ሳሉ በጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል ጥቂት ጊዜ ቆይተዋል። ከዚያ በክበቦች ሲጫወቱ ከርመው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከጓደኞቻቸው ጋር ዋልያስ ባንድን አቋቋሙ። ከሌሎቹ የሚለያቸው ዋናው ነገር የሚጫወቱባቸው መሣሪያዎች የራሳቸው መሆናቸው ነበር። ስለዚህም በሂልተን ሆቴል ለብዙ ዓመታት ሲሠሩ የሆቴሉ ንብረት ሳይሆኑ ተዋውለው የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ።

የ1974ቱ አብዮት ሲመጣ የሰዓት እላፊ ታወጀ፤ የዘፈን ግጥምም በሳንሱር ያልፍ ጀመር። ነገር ግን የሰዓት እላፊው ክበቡን አልዘጋውም፤ የመጣው እንግዳ ሌሊቱን እዚያው አሳልፎ ሲነጋ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። በ1977 ባንዱ «ቼ በለው» የተባለውን ሸክላ አወጣ። በሸክላው ላይ አቶ ሙላቱ አስታጥቄ ተካፍለዋል፤ ከዜማዎቹም እጅግ የታወቀው «ሙዚቃዊ ስልት» የአቶ ግርማ በየነ ድርሰት ነው። ሥራው በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል፤ ቃል በሚመረመርበት ዘመን ዜማ ብቻውን ይናገር ነበር። በ1978 ደግሞ አቶ ኃይሉ ከዳህላክ ባንድ ጋር «ወደ ሐረር ጉዞ» የተባለውን ካሴት ሠሩ። የአንድ ባንድ አባል መሆን ከሌላ ባንድ ወዳጆች ጋር ከመሥራት እንዳላገዳቸው ከዚህ እንረዳለን።

በ1981 ዋልያስ ለጉብኝት ወደ አሜሪካ ተሻገረ። አድማጩ በብዛት ስደተኛው ኢትዮጵያዊ ነበር። ጉብኝቱ ሲያበቃ ከፊሎቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ አቶ ኃይሉ፣ አቶ ግርማና ሌሎች ሁለት ጓደኞቻቸው እዚያው ቀሩ። ባንዱም በሁለት አገር ተከፈለ። በ1985 አቶ ኃይሉ የቀድሞውን አኮርዲዮናቸውን አንሥተው ኤሌክትሪክ ፒያኖውን፣ ሲንተሳይዘሩንና የከበሮ መሣሪያውን ሁሉ ብቻቸውን እየተጫወቱ «ሸሞንሟናዬ» የሚባለውን ካሴት ቀረጹ። ባስ የሚመታውም ከበሮ የሚጠብቀውም ጓደኛ ሳይኖር፣ አንድ ሰው የባንዱን ቦታ ሁሉ ሞላ። ነገር ግን ይህ ነጻነት ዋጋ ነበረው። በ1990ዎቹ አቶ ኃይሉ ከመድረክ ርቀው በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ መንዳት ያዙ። በአውሮፕላን ማረፊያው ተራቸውን ሲጠብቁ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ከመኪናቸው አውጥተው ይለማመዱ ነበር።

በመጨረሻም ያ ካሴት በባሕር ዳር ከአንድ ሱቅ በውጭ አገር ሰብሳቢ እጅ ገብቶ በ2013 እንደገና ታተመ። አድማጭ በአውሮፓና በአሜሪካ ተገኘ፤ አቶ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሱ። በ2018 ከአውስትራሊያውያኑ ቶኒ በክና ማይክ ማይኮቭስኪ ጋር «ላላ በሉ»ን፣ በ2020ም «የኔ ምርጫ»ን አወጡ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፣ የሙዚቀኛው ነጻነት የሚጀምረው ከመሣሪያው ባለቤትነት ነው፤ ዋልያስ ሐሳቡን ያወጣው መሣሪያውን ከያዘ በኋላ ነው። ሁለተኛ፣ ራስን መቻል ብቸኝነት አይደለም። ብቻ መሥራት የተቻለው በችግር ጊዜ ነበር፤ ሥራው የበለጸገው ግን ወዳጅ በተገኘበት ጊዜ ሁሉ ነው። ካሴቱን ለሃያ ስምንት ዓመት ጠብቆ ያቆየው ደግሞ መዝገብ ቤት ወይም ቤተ መጻሕፍት ሳይሆን የሱቅ መደርደሪያ ነው። የሙዚቃችንን ታሪክ የምናጠና ተማሪዎች ይህን በዕድል የተገኘ ትርፍ ብለን ብቻ ማለፍ አይገባንም፤ ያልተገኙት ካሴቶች ስንት እንደሆኑ ማሰብና ሳይጠፉ መሰብሰብ የእኛ ሥራ ነው።