የአዝራር ላይ ቃል፦ ከ«እሺ» ወደ ግስ

ምንጫቸው ለማንም ክፍት የሆነ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች በጥንካሬያቸው ሲመሰገኑ በገጽታቸው ይታሙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 ጀርመናዊው ማቲያስ ኤትሪኽ የኬ.ዲ.ኢ.ን ሥራ ሲያስጀምር ያሰማው አቤቱታ፣ በዩኒክስ ላይ ያሉት ፕሮግራሞች እርስ በርሳቸው የማይመሳሰሉና ተራውን ተጠቃሚ የሚያደናግሩ ናቸው የሚል ነበር። በ1997 የተጀመረው ግኖምም ከዚሁ ሐሜት አላመለጠም፤ በ2001 ሰን ማይክሮሲስተምስ ሰዎችን በመሣሪያው ፊት አስቀምጦ ሲያጠና እንቅፋቱ ገሃድ ወጣ። በ2002 የግኖም የገጽታ ንድፍ መመሪያ ታተመ።

ለእኛ ለቃል ሰዎች የሚገርመው፣ መመሪያው ከሥዕል አቀማመጥ አልፎ ስለ ቃል አጥብቆ መናገሩ ነው። በአዝራር ላይ «እሺ» ወይም «አዎ» ከማለት ይልቅ የሚፈጸመውን ድርጊት የሚጠራ ትእዛዝ አንቀጽ ይጻፍ ይላል። በእንግሊዝኛ ይህ አያስቸግርም፤ ትእዛዙ ጾታም አክብሮትም አይለይም። በአማርኛ ግን «ሰርዝ» ለወንድ፣ «ሰርዢ» ለሴት፣ «ይሰርዙ» ለአንቱታ ነው። ታዛዡስ ማን ነው? መሣሪያው ነው ካልን «ሰርዝ» ያስኬዳል፤ አዝራሩን የምታነበው ሴት ግን እኔን ነው ብትል አይፈረድባትም።

ስለዚህ በንዑስ አንቀጽ «መሰረዝ» ማለቱ ይሻላል እላለሁ፤ ይሁን እንጂ ፊደላችን መጥበቅን ስለማያሳይ «መሰረዝ» ራሱ አድራጊም ተደራጊም ሆኖ ይነበባል። «ማስቀመጥ»ና «መክፈት» ይህ ችግር የለባቸውም። የማይመለስ ሥራ የሚሠራው አዝራር ግን የመጀመሪያው ነው።