ብቸናና ሞጣ ማንን ላኩ? ወሰናቸውንስ ማን አሰመረው?

እንግዲህ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ የብቸናንና የሞጣን ወግ ላውጋችሁ። ከደጀን ተነሥቶ በብቸናና በሞጣ በኩል ባሕር ዳር የሚዘልቀውን መንገድ የሄደበት ያውቃቸዋል፤ ሁለቱም በምሥራቅ ጎጃም በጤፍ ማሳ መካከል የተቀመጡ ከተሞች ናቸው። በዚያ አገር ወሰን ገፊ ጎረቤት በሽማግሌ ይዳኛል፤ ካልሆነም ደም ያፋስሳል። አንድ ወሰን ግን አለ፤ ማንም ድንጋይ ተክሎ የማይጠብቀው፣ ግን ሸንጎ ቆሞ ስለ እናንተ የሚናገረውን ሰው የሚወስን። የምርጫ ክልል ወሰን ነው።

ነገሩ ከ1923ቱ ሕገ መንግሥት ይጀምራል። በ1924 ፓርላማ ሲከፈት ከብቸናም ከሞጣም ድምፅ የሰጠ ሰው አልነበረም። ለሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ፤ ለሕግ መምሪያው ምክር ቤት መኳንንቱና ሹማምንቱ ይመርጣሉ። ሕዝቡ ግብር ከፋይ እንጂ መራጭ አልነበረም።

ከዚያ ጣሊያን ገባ፣ ወጣ። የብቸናው አርበኛ በላይ ዘለቀ ከድል በኋላ እንዲያስተዳድር የተሰጠው ብቸና አውራጃ ነበር። ሞጣ ለብቻዋ ሌላ አውራጃ፣ ደብረ ማርቆስም ሌላ። በላይ ከመንግሥት ጋር ተጋጭቶ በ1937 በስቅላት ሞተ። አውራጃዎቹ ግን እንደተሰመሩ ቀሩ።

በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት መጣ፤ ሃያ አንድ ዓመት የሞላው ወንድም ሴትም ይምረጥ አለ። አሁን ሒሳቡን አድምጡኝ። አገሩ እያንዳንዳቸው 200,000 ያህል ሰው ባላቸው የምርጫ ክልሎች ይከፈላል፤ ለአንዱ ክልል ሁለት እንደራሴ። ከ30,000 በላይ ሕዝብ ያለው ከተማ ደግሞ ለራሱ አንድ ይጨመርለታል። ብቸናና ሞጣ ያን ጊዜ ከዚህ ቁጥር እጅግ በታች ነበሩ። ስለዚህ የጠጅ ቤቱም የሱቁም የትምህርት ቤቱም ሰው ድምፁ በዙሪያው ገጠር ድምፅ ውስጥ ገባ። ፓርቲ የለም፤ ተወዳዳሪው የሚቆመው በስሙና በንብረቱ ነው፤ ንብረት የሌለው እጩ መሆን አይችልምና።

እንደራሴ መላክና መሰማት ግን ለየቅል ናቸው። ይህ የታየው በ1960 ነው። ፓርላማው የእርሻ ገቢ ግብርን አዋጅ አጸደቀ። የጎጃም ገበሬ «መሬቴ ሊቀላድ፣ ርስቴ ሊወሰድ ነው» ብሎ ተነሣ፤ ሞጣና ብቸናም ከአመፁ ዋና ዋና ቦታዎች ነበሩ። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ላከ። በመጨረሻ ግን ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከሥልጣን ተነሡ፤ ውዝፉ ግብርም ተማረ። ሰዎቼ፣ ልብ በሉ፤ አዋጁን እንደራሴዎች አጸደቁት፣ ያስቆመው ግን ወንበር የሌለው ገበሬ ነው።

በ1967 መስከረም ደርግ ንጉሡን ሲያወርድ ፓርላማውንም ዘጋ። ብቸናና ሞጣ እስከ 1979 ድረስ ያለ እንደራሴ ከረሙ። ያን ዓመት ሰኔ 835 መቀመጫ ያለው ብሔራዊ ሸንጎ ተመረጠ፤ ነገር ግን አገሩን የሚመራው የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ብቻ ነበር። ወዲያው ጎጃም እንደገና ተቀደደ፤ ምሥራቅ ጎጃም፣ ምዕራብ ጎጃም፣ መተከል ተባለ።

ኢሕአዴግ ሲመጣ ሌላ መስመር ተሰመረ። አውራጃ ቀርቶ ወረዳ የምርጫ ክልል መነሻ ሆነ፤ ብቸና የእነማይ፣ ሞጣ የሁለት እጁ እነሴ መዲና ናቸው። በመላ አገሪቱ 547 መቀመጫ፤ ከእነዚህም ለአማራ ክልል 138። ለአንድ የምርጫ ክልል አንድ እንደራሴ፤ በአንድ ድምፅ የበለጠ ይገባል፣ ቀሪው ድምፅ ቤት ይቀራል። በ1997 ተቃዋሚው ቅንጅት በርካታ ወንበር አገኘ። በ2002 ግን ኢሕአዴግና አጋሮቹ 545ቱን፣ በ2007 ደግሞ ሁሉንም ወሰዱ። በ2013 ብልጽግና አብዛኛውን ሲይዝ የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ (አብን) አምስት ወንበር አገኘ። ሰዎቹና ፓርቲዎቹ ተለዋወጡ፤ የመቀመጫው ቁጥር ግን ያው ነው።

ለምን? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየ10 ዓመቱ ይደረግ፣ ምርጫ ቦርድ ረቂቅ ያቅርብ፣ ፌዴሬሽን ምክር ቤት በውጤቱ ላይ ተመሥርቶ የምርጫ ክልሎችን ይወስን ይላል። የመጨረሻው ቆጠራ ግን በ1999 የተደረገው ነው። ቀጣዩ በ2010 ይደረጋል ተባለ፤ ተላለፈ፤ እንደገና ተላለፈ። ከዚያ ወዲህ ከገጠር ስንቱ ወጣት ሞጣና ብቸና ገብቶ ቤት ተከራየ፣ ስንቱስ ወደ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ወጣ? ወሰኑ ይህን ሁሉ አላየም፤ ቆጥሮ ያሳየው የለምና።

ስለዚህ፣ የምሥራቅ ጎጃም ሰው ሆይ፣ የመሬትህን ወሰን እንደምትጠብቅ የድምፅህንም ወሰን ጠብቅ። እጩ ደጅህ ሲቆም ስሙን ብቻ አትጠይቀው። «የምትወክለን ስንት ነን? ከማንስ ጋር ነው ያጣመሩን?» በለው፤ ቆጠራው የሚደረግበትንም ቀን ጠይቀው። ቆጠራ ሳይኖር የተሰመረ ወሰን ያለ ምስክር የተተከለ የወሰን ድንጋይ ነው፤ ማንም እንደፈለገ ያነሣዋል።