የእንግዳው አርክቴክትና የአገሩ ሠዓሊ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሞጆና በባቱ በኩል ወደ ላንጋኖ የሚወርድ መንገደኛ፣ በስተምሥራቅ የአርሲን ተራሮች፣ ከፊቱም ደለል ያቀላውን የሐይቅ ውሃ ያያል። በዚህ ዳርቻ ማረፊያ ቤት የሚነድፍ ባለሙያ ሊሸሸው የማይገባ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ከሌላ ስፍራ የመጣ ሰው አገሬው የእኔ የሚለውን ሕንጻ እንዴት ሊሠራ ይችላል የሚል ነው። ለዚህ ምላሽ የሚሆን ምሳሌ በአዲስ አበባ ቆሟል፤ እርሱም የአፍሪካ አዳራሽ ነው።

አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ በ1922 በኢጣሊያ ተወለዱ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። በ1940 ወደ አስመራ መጥተው ሥራቸውን እዚያው ጀመሩ፤ ኋላም ወደ አዲስ አበባ ተሻገሩ። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1958 ሲቋቋም፣ ለመቀመጫው የሚሆነውን አዳራሽ የመንደፉ ኃላፊነት ለእርሳቸው ተሰጠ። ሥራው በአሥራ ስምንት ወር ያህል ተፈጽሞ፣ በ1961 ተመረቀ።

የሕንጻው አካል በዚያ ዘመን በየአህጉሩ ይሠራ ከነበረው ዘመናዊ ሕንጻ እምብዛም የራቀ አይደለም። ነገር ግን በመግቢያው አንጻር 150 ካሬ ሜትር ያህል የሚሸፍን ባለቀለም መስተዋት ይገኛል። ይህ የሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ ሥራ ነው። አፈወርቅ በ1932 በአንኮበር ተወልደው፣ በ1947 የማዕድን ምሕንድስና ሊማሩ ወደ እንግሊዝ ተላኩ፤ ዳሩ ግን ልባቸው ወደ ሥነ ጥበብ አዘነበለ። በሎንዶን ሥዕልን፣ ቅርጻ ቅርጽንና ሥነ ሕንጻን አጥንተው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በሦስት ክፍል የተሠራው መስተዋት የአፍሪካን ያለፈ መከራ፣ የነጻነት ትግሏንና የወደፊት ተስፋዋን ያሳያል።

እንግዲህ ከሁለቱ አንዱ ስደተኛ፣ ሌላው ከስደት ተመላሽ ነበሩ። የሕንጻው ነዳፊ ያን ያህል ስፋት ለሠዓሊው መልቀቃቸው እንደ ትንሽ ነገር ሊቈጠር አይገባም፤ አዳራሹን የአፍሪካ ያሰኘው ይኸው ነውና። በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር የተፈረመው በዚሁ ጣሪያ ሥር ነው።

ሜዜዲሚ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትንም ነደፉ። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ወደ ኢጣሊያ ተመልሰው በ2010 ዐረፉ፤ አፈወርቅም በ2012 ተከተሏቸው። አዳራሹ ግን ታድሶ በ2024 እንደገና ተከፈተ፤ መስተዋቱም ተጠግኖ ዛሬም ብርሃን ያሳልፋል።

በላንጋኖ ዳርቻ ለሚሠራውም ትምህርቱ ይኸው ነው። ባለሙያው ከየትም ይምጣ፤ በንድፉ ውስጥ የአገሬው እጅ የሚገባበትን ስፍራ አስቀድሞ ካልከለለ፣ ቤቱ ከጎብኚው ጋር መጥቶ ከጎብኚው ጋር የሚሄድ ይሆናል። ስፍራውን የከለለ እንደሆነ ግን፣ እርሱ ቢሄድም ሥራው የአገር ሆኖ ይቀራል።